ድንጋዩ ከተነሳ በኋላ

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ሻይ ያዙና አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ ቤት «አር-ሪሳላ» የገባው በካሴት ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ ያኔ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነበረን። ረመዳን ነበር። አጎቴ ካሴቱን ከጓደኛው ተውሶ አመጣው፤ ከተራዊሕ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳሎኑ ሞላ። ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ እናቶች ፍራሹ ላይ፣ ወንዶቹ በር ላይ ቆመው። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ስለነበር አስተርጓሚ ሆኖ ተሾመ። ግማሹን ከራሱ እየጨመረ እንደነበር ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ነጃሺ ሲመጣ ሳሎኑ በሙሉ ሞቅ አለው፤ የኛ ሰው መጣ ተባለ። (ተዋናዩ ኧርል ካሜሮን ከቤርሙዳ ደሴት የመጣ ሰው ነው፤ ይህን ያኔ ብታወቅ ማንም አያምናችሁም ነበር።) ቢላል በሐሩር አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ትልቁ ድንጋይ ደረቱ ላይ ሲጫን ግን ወንድሜ ዝም አለ። መተርጎም አላስፈለገውም። አያቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ሻይ ተቀድቶ ነበር፤ ማንም አልነካውም፣ ቀዘቀዘ።

አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቢላልን እንደ ሰፈር ልጅ ነበር የምታነሳው። አዛን ሲሰማ የያዘችውን ሥራ ታቆምና ስለዚያ ድንጋይ ለራሷ ታጉተመትማለች፤ አንዳንዴ እንባዋ ይመጣል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ቀትር ላይ የግቢያችንን በር የምንደግፍበትን ድንጋይ አንከባልዬ አምጥቼ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ደረቴ ላይ አወጣሁት። ሃያ ድረስ ልቆጥር ነበር፤ አሥራ አንድ ላይ ትንፋሼ አጠረ። እናቴ አይታኝ እየጮኸች አነሳችልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የጋለ ሲሚንቶ ስነካ ያ ድንጋይ ይመጣብኛል። ፊልም ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ካየነው ሃያ ዓመት አልፎም ከደረታችን ላይ አይወርድም።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አዘጋጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ የሶሪያዋ የሐለብ ልጅ ነው፤ ሙያውን አሜሪካ ተምሮ እዚያው ኖረ። ታሪኩን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተዋናይ ቡድን ቀረጸው፤ አንዱ በዐረብኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ቀረጻው ሞሮኮ ተጀምሮ ሊቢያ ላይ አለቀ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም፤ አቡበክርንና ከሱ በኋላ የመጡትን ኸሊፋዎችም አታዩም። እንዲህም ተጠንቅቆ ተቃውሞ አልቀረለትም። በ1977 ዋሽንግተን ውስጥ ታጣቂዎች ከመቶ በላይ ሰው አግተው ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ዐቃድ ራሱ በ2005 ዐማን ሆቴል ውስጥ በፈነዳ ቦምብ ከሴት ልጁ ጋር ሞተ። አላህ ይዘንላቸው።

በእንግሊዝኛው ቅጂ ቢላልን ሆኖ የሠራው ምዕራብ አፍሪካዊው ጆኒ ሴካ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ከሚወስደው ፊልም ቢላል ዋናውን ቦታ የሚይዘው በጥቂት ትዕይንት ነው፦ ዐማርን እንዲገርፍ የተሰጠውን ጅራፍ ሲጥል፣ ድንጋዩ ሥር፣ መዲና ላይ የመጀመሪያውን አዛን ሲል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከዕባ ጣሪያ ላይ። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ፊልሙ ያልቃል። እኔ ዘንድ የቢላልም ሕይወት እዚያው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከሱብሒ በኋላ በሚሰጥ ደርስ ላይ ኡስታዛችን አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ ቢላል የት ነው የተቀበረው? ዝም አልን። አንዱ መዲና አለ። አንዱ ነጃሺ፣ ትግራይ ነው ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ኡስታዙም ሳቀ፤ መልሱን ግን አልነገረንም፤ ሄዳችሁ አንብቡ ብሎ ኪታቡን ዘጋ። ሁላችንም ያን ፊልም አይተን ያለቀስን ልጆች ነበርን። ድንጋዩን እናውቀዋለን፤ ሰውየውን አናውቀውም።

ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) የተወለደው ዐረቢያ ምድር ላይ፣ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ። እናቱ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች፤ ስለዚህ እሱም ሲወለድ ጀምሮ የሰው ንብረት ነበር። ጌቶቹ የቁረይሽ ወገን የሆኑት በኑ ጁመሕ ሲሆኑ ከነሱም ኡመያ ኢብን ኸለፍ ነው ስሙ ከስቃዩ ጋር የሚነሳው። የቀደሙት ጸሐፊዎች መልኩን ትተውልናል፤ በጣም ጥቁር፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጸጉሩ ብዙ፣ የጉንጩ ጺም ሳሳ ያለ።

የስቃዩን ነገር አላስረዝመውም፤ ፊልሙ አሳይቷችኋል። በዘገባዎቹ ካለው ውስጥ እኔን ከድንጋዩ በላይ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። አንገቱ ላይ ገመድ አስረው ለልጆች ይሰጡት ነበር። ልጆቹ በመካ ሸለቆዎች ውስጥ እየጎተቱ ይጫወቱበታል። ልጆች! እሱ እየተጎተተ የአላህን አንድነት የሚናገረውን ያን አንድ ቃል ይደጋግማል። በኋላ አቡበክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። ሻጩ ከዚህ ባነሰም እሸጥልህ ነበር ብሎ ሊያፌዝ ሲሞክር፣ አቡበክር መቶ እጥፍ ብትጠራም እከፍል ነበር ብሎ እንደመለሰለት ይተረካል።

እዚህ ላይ ለኛ ለሐበሾች የምትገርም ነገር አለች። በ615 ገደማ ሙስሊሞች ከመካ ስቃይ ሸሽተው ወደ ነጃሺ ሀገር ሲሰደዱ፣ የሲራ ሊቃውንት የተሰዳጆቹን ስም ዘርዝረው ጽፈዋል። ቢላል ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቁረይሽ ልጆች ወደ እናቱ ሀገር መጡ፤ እሱ እዚያው መካ ቀረ።

ከዚያ ሒጅራ ሆነ፤ ወደ መዲና። አሁን ፊልሙ ወደማያሳያችሁ ቢላል ልውሰዳችሁ።

መዲና ያኔ የወባ ሀገር ነበረች። ስደተኞቹ እንደገቡ ወደቁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አባቷንና ቢላልን ለመጠየቅ ትሄድ ነበር፤ በቡኻሪ የተዘገበውን የነገረችን እሷ ነች። ቢላል ትኩሳቱ ሲለቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስንኝ ያዜም ነበር። ስንኙ የመካ ናፍቆት ነው። የሸለቆዋን መልካም መዓዛ ያለው ሣር፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን ውሃ፣ ሁለት ተራሮችን በስማቸው እየጠራ ዳግመኛ አያቸው ይሆን እያለ ይቆዝማል።

መጀመሪያ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ነበር። የቱ ሸለቆ? በገመድ የጎተቱት ሸለቆ ነው እኮ! ሰው የተጫነበትን መሬት እንዴት ይናፍቃል? ግን ደግሞ ሌላ ሀገር አልነበረውም። እናቱ ውሃ ያጠጣችው እዚያ ነው፤ ልጅ ሆኖ የሮጠው እዚያ ነው። ከዐረብ ሀገር ከአሠሪ በደል ተርፈው የተመለሱ እህቶቻችን አንዳንዴ ስለዚያ ከተማ የባሕር ንፋስ ሲያወሩ ሰምቼ ግራ ይገባኝ ነበር። ከቢላል ትኩሳት በኋላ መጠየቄን ተውኩ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሁኔታቸውን ሲሰሙ አልተቆጡም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ አስወደን ብለው አላህን ለመኑ፤ ትኩሳቱም ከከተማዋ እንዲወጣ።

ሰዎችን ለሰላት እንዴት እንጥራ የሚለው ምክክር፣ የዐብዱላህ ኢብን ዘይድ ሕልም፣ ቃላቱን ድምፁ ላቀ ላለው ለቢላል እንዲያስተምረው መታዘዙ፣ ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጣሪያውን ልንገራችሁ። ስለ ከዕባ ጣሪያ አይደለም የማወራው። መዲና መስጂዱ አጠገብ የበኑ ነጃር ወገን የሆነች አንዲት ሴት ቤት ነበር፤ በአካባቢው ካሉት ሁሉ ከፍ ያለው የሷ ጣሪያ ነው። ሚናራ አልነበረም። ቢላል በሌሊት መጥቶ ጣሪያው ላይ ይቀመጥና ጎህ እስኪቀድ ምሥራቁን ይጠብቃል። ብርሃኑን ሲያይ ይንጠራራል። ከዚያ አዛን ከማለቱ በፊት አንድ ዱዓ ያደርጋል። አቡ ዳዉድ የዘገቡት ከዚህችው ሴት ነው፤ አንድም ሌሊት ያቋረጠበትን አላውቅም ብላ መስክራለች። ዱዓው ለማን መሰላችሁ? ለቁረይሽ። ዲንህን እንዲያቆሙ አግዛቸው እያለ አላህን ይለምናል።

ለቁረይሽ! ካሜራ ይህን እንዴት ይቀርጸዋል? ጨለማ ነው። አንድ ቀጭን ሰው የሰው ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። የሚያየው የለም፤ ከታች ያለችው ሴት ብቻ ትሰማዋለች። ሙዚቃ የለም። እና በየሌሊቱ ነው።

ሃያ ሁለት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሐሙስ ሌሊት ሰፈሩ አይተኛም። ሙዚቃው እስከ ንጋት ይንኳኳል፤ የላዳዎቹ ጡሩምባ፣ ከጭፈራ ቤት የሚወጡት ሳቅ። ከዚያ ሁሉም ፀጥ የሚልበት አጭር ጊዜ አለ፤ አዛኑ የሚመጣው እዚያ ፀጥታ ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ አዛን ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ነገር ነበር። ሰው ቀድሞ ነቅቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶ፣ እዚያ እንደሚቆም ያሰብኩት ይህን ሐዲስ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ቢላልን ግን እንደ መልአክ አድርጌ ልሥልላችሁ አልፈልግም። ለቁረይሽ ዱዓ የሚያደርገው ሰው በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ በድር ላይ ኡመያን አየው። ኡመያ በዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ እጅ ተማርኮ ነበር፤ ሁለቱ በጃሂሊያ ዘመን ወዳጆች ነበሩና ዐብዱረሕማን ሊያተርፈው ፈለገ። ቢላል የክሕደት ራስ እዚህ አለ፣ እሱ ከተረፈ እኔ አልተረፍኩም ብሎ አንሷሮቹን ጠራ። መጡ፤ ኡመያ ተገደለ። በሌሊቱ ጣሪያና በዚያ ቀን መካከል ያለውን ሰው እኔ ማስታረቅ አልችልም፤ አልሞክርምም። ሁለቱም እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዕዳ። ይህን ታሪክ ለወጣት ጓደኞቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ ሰምተውት አያውቁም። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የወጪ ጉዳይ የሚይዘው ቢላል ነበር። የተራቆተ ሙስሊም ሲመጣባቸው ቢላልን ያዙታል፤ ሄዶ ይበደራል፣ ልብስ ይገዛል፣ ያለብሰዋል፣ ያበላዋል። አንድ ሀብታም ሙሽሪክ ይህን አይቶ ከሌላ ሰው አትበደር፣ እኔ አለሁልህ አለው። ቢላልም ከሱ ይበደር ጀመር። አንድ ቀን ውዱእ አድርጎ አዛን ሊል ሲነሳ ሰውየው ከነጋዴዎች ጋር ሆኖ መጣ። በስሙ አልጠራውም፤ አንተ ሐበሻ አለው። ፊቱን አጨፍግጎ ክፉ ተናገረው። ወሩ ሊያልቅ አራት ሌሊት ነው የቀረህ፤ ካልከፈልክ በዕዳው እወስድህና እንደ ድሮህ በግ ትጠብቃለህ አለው።

እስኪ ይህን አስቡት። ነፃ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በድርን ያየ ነው፣ የነቢዩ ሙአዚን ነው። አንድ ባለ ገንዘብ ደግሞ በሰው ፊት ያን ሁሉ ገፎ ባሪያ ነህ ይለዋል። ቢላል ሌላው ሰው የሚሰማው ሁሉ እንደተሰማው አልደበቀም። አዛኑን ግን አለ። ዒሻን ከሰገደ በኋላ ነቢያችን ዘንድ ገብቶ እውነቱን ነገራቸው፤ እርስዎም የለዎት እኔም የለኝ፣ ሰውየው ያዋርደኛል፣ አላህ ለመልእክተኛው ዕዳውን የሚከፍሉበት እስኪሰጥ ወደ አንዱ የሰለመ ጎሣ ልሽሽ አላቸው። ቤቱ ሄዶ ሰይፉን፣ ስልቻውን፣ ጫማውንና ጋሻውን ራስጌው አድርጎ ጋደም አለ። ጎህ ሊቀድ ሲል ሊነሳ ሲዘጋጅ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ፤ መልእክተኛው ይጠሩሃል። ሲደርስ አራት ግመሎች ከነጭነታቸው ተንበርክከዋል። የፈደክ ገዥ የላከው ስጦታ፣ እህልና ልብስ ነው። ዕዳው ሁሉ ተከፈለ። ነቢያችን ግን ትርፍ እንዳለ ሲሰሙ ያን ሳትገላግለኝ ቤቴ አልገባም ብለው መስጂድ አደሩ፤ የተረፈው ለችግረኛ ከተሰጠ በኋላ ነው የገቡት።

ቁርስ ከሌለው ቤት ወጥታችሁ፣ የኪራይ ቀን ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶ፣ ለሰው የፈገግታ ፊት ያሳያችሁ ካላችሁ፣ ቢላል ያን ሌሊት ጫማውን ራስጌው አድርጎ ምን ያህል እንቅልፍ እንዳገኘ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለ እንቅልፍ ካነሳን አይቀር፦ በሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ተጉዘው ደከማቸው። አረፉ፤ ቢላል ነቅቶ ንጋቱን እንዲጠብቅ ታዘዘ። የቻለውን ያህል ሰገደ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ግመሉን ተደገፈ። ወሰደው። ፀሐይ እስክትመታቸው ድረስ ማንም አልነቃም። የመጀመሪያው የነቁት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ፤ ቢላልን ጠሩት። የርስዎን ነፍስ የያዘው የኔንም ያዘው ብሎ መለሰ። ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ኢቃማ አስደረጉትና ሱብሒን አሰገዱ። ከሥራው አላነሱትም። በቀጣዩ ንጋትም የሚጠራው ቢላል ነው።

አንድ ሱብሒ ላይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጀነት ውስጥ የጫማህን ኮቴ ሰማሁ፣ በእስልምና ከሠራኸው ይበልጥ ተስፋ የምታደርግበት ሥራ የቱ ነው ብለው ጠየቁት። እዚህ ላይ ካሴቱን አቁሜ አያቴን ብጠይቃት ምን እንደምትመልስ አውቃለሁ፤ ድንጋዩን ነበር የምትለው። እኔም። ሳሎን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ። ቢላል ድንጋዩን አላነሳም። ሌሊትም ሆነ ቀን ውዱእ ባደረግኩ ቁጥር አላህ ያገራልኝን ያህል እሰግዳለሁ፣ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ያደረግኩበት የለም አለ። በቃ። እኛ ለዓመታት ያለቀስንለት ቀን ራሱ ባለቤቱ ሲጠየቅ አልቆጠረውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ማልቀሴን አልተውኩም፤ ግን ስለምን እንደማለቅስ እጠራጠራለሁ።

መካ በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በ630፣ ተከፈተች። የከዕባውን ጣሪያ ፊልሙ በሚገባ አሳይቷችኋል። የማያሳየው፣ ጣሪያው ላይ አዛን ሲል ከታች ካሉት የቁረይሽ መኳንንት አንዱ አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ ሆነ ማለቱ ተተርኳል። የከዕባው በር ተከፍቶ ነቢያችን ሲገቡም አብረዋቸው የገቡት ኡሳማ፣ ዑሥማን ኢብን ጠልሓና ቢላል ናቸው፤ በሩ ተዘጋ። ሲወጡ የዑመር ልጅ ዐብዱላህ ተሽቀዳድሞ ነቢዩ ውስጥ የት ላይ እንደሰገዱ የጠየቀው ቢላልን ነው። የሐማማ ልጅ አሳየው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ632፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሄዱ። ቢላል ከዚያ በኋላ አዛን ማለት አልሆነለትም። የሳቸው ስም የሚነሳበት ሐረግ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጥ እንደነበር ይተርካሉ። ወደ አቡበክር ሄዶ፣ የገዛኸኝ ለራስህ ከሆነ ያዘኝ፣ ለአላህ ከሆነ ግን ለአላህ ሥራ ልቀቀኝ አለው። ያ ሽያጭ እዚህ ድረስ ተከትሎታል። ቢላል በመጨረሻ ወደ ሻም ወጣ፤ በዘመቻው ተሳተፈ፣ እዚያው ኖረ።

ስለዚህ ዘመን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጣም የሚዘዋወር ታሪክ አለ፤ ነቢያችንን በሕልሙ አይቶ መዲና ተመልሶ አዛን ሲል ከተማዋ በለቅሶ ተናወጠች የሚለው። ያምራል፤ ለፊልም የተሠራ ነው የሚመስለው። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ሰነዱን ደካማ፣ አንዳንዶቹም የተፈጠረ ብለውታል። ሺን ማለት አይችልም ነበር የሚባለውም መሠረት የለውም። ከነዚህ ይልቅ ዑመር በኸሊፋነቱ ዘመን ወደ ሻም በመጣ ጊዜ የሆነው ይበቃል። ሰዎች ቢላል አንድ ጊዜ አዛን እንዲል ጠየቁ፤ አለ። የነቢዩን ዘመን ያዩ ሰዎች በዚያ ቀን እንዳለቀሱት አልቅሰው አያውቁም ይባላል፤ ከሁሉ ይበልጥ ዑመር። እነዚያ ሰዎች ቢላልን በድምፁ ነው ያስታወሱት። በየቀኑ አምስት ጊዜ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ሰምተውታል።

ሰዎች ያለፈውን ክብሩን ሲያነሱለት አንገቱን ደፍቶ እኔ እኮ ትናንት ባሪያ የነበርኩ ሐበሻ ነኝ ይል ነበር። ደማስቆ ላይ በሃያኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በ641 ገደማ፣ ስድሳን አልፎ ሞተ። በሞት አፋፍ ላይ ሚስቱ ስታዝን እሱ ይደሰት እንደነበር ይተረካል፤ ነገ ወዳጆቹን፣ ሙሐመድንና ባልደረቦቻቸውን የሚያገኝ ስለሆነ። ባብ አስ-ሰጊር በሚባለው መቃብር ተቀበረ። ኡስታዛችን የጠየቀው ይህንን ነበር።

አያቴ አሁን የለችም፤ አላህ ይዘንላት። ግቢውም የለም። ባለፈው ረመዳን እህቴ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ፊልሙን ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ልከን ከፈትነው። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ድንጋዩ ሲጫን ትራሱን አቅፎ ፊቱን ቀበረ። እህቴ ልታሳልፈው ፈለገች፤ አቁሚው አልኳት። ልጁ ከትራሱ ሥር ሆኖ ድንጋዩ ከተነሳ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ስለ ሴትየዋ ጣሪያ ነገርኩት። ስለ አራቱ ግመሎች ነገርኩት፤ ግመሎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ብዙ ጠየቀ። ግመሉን ተደግፎ እንደተኛ ስነግረው ቀና አለ። አዛን የሚለው ሰውዬ ራሱ ሱብሒ አለፈው? አዎ አልኩት። ሳቀ፤ ቆይቶ ደግሞ ሳቀ፤ ወደ ጓዳ ሮጦ ሄዶ ለእናቱ ነገራት።

ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ቢላል እንደቆመ ነው፤ ገና ድንጋዩ ሥር። ልጁ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አስቀጠለው።